ባለ ሚዳቋው ሻይ

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ በግራ በኩል የፋሩቅ ሱቅ አለ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ጨው፣ ባትሪ፣ ደብተር፣ የላስቲክ ጫማ፤ ገጠሬውም ከተሜውም የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ይገኛል። ፋሩቅ ሱቁን የከፈተው ገና ሳያገባ ነው። አሁን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከባለቤቱ ከሩቂያ ጋር ሆኖ ይሠራል። ብዙ አይናገርም። ሱቁን ሱቅ ያደረገችው ሩቂያ ናት የሚሉ አሉ፤ እሱም ይህን ሲሰማ አይከፋውም።

ከደንበኞቹ ሁሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽን የሚያህልበት የለም። ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የከተማውን ግማሽ ስላስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም ዛሬም ስማቸው ቲቸር ነው። ባላቸው ሞተዋል። ልጆቻቸው አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ትዳር ይዘው ይኖራሉ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ፋሩቅ ይመጣሉ። የሚገዙት አይለወጥም፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፣ ክብሪትና ባለ ሚዳቋ ሻይ።

ባለ ሚዳቋው በቢጫ ካርቶን የታሸገ የሻይ ቅጠል ነው። ፊቱ ላይ ወደ ኋላዋ ዞራ የምታይ ሚዳቋ ተሥላበታለች። ድርጅቱ ያወጣለት ሌላ ስም አለው፤ ከሥዕሉ ሥር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። ነገር ግን ከወግዲ እስከ ከላላ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው የለም። «ባለ ሚዳቋ ስጠኝ» ይባላል፣ አበቃ።

ቲቸር ከዚህ ሌላ ሻይ አይገዙም። ምክንያታቸውን ፋሩቅ ያውቀዋል፤ ራሳቸው ከአንዴም ሁለቴ ነግረውታል። ወጣት አስተማሪ ሆነው ከላላ ተመድበው ሳለ፣ የኔአለም ከምትባል ባልደረባቸው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን የኔአለም ከገበያ የተፈጨ በርበሬ ገዝታ መጣች። መልኩ ያምር ነበር። በልተው ሁለቱም ታመሙ። ቲቸር በሳምንቱ ተነሡ፤ የኔአለምን ግን በበቅሎ ጭነው ወደ መካነ ሰላም አመጧት። በኋላ ሲጣራ በርበሬው ሸክላ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። የኔአለም አልሞተችም፤ ዳሩ ግን ጤናዋ ስላልተመለሰ ማስተማሩን ትታ ወላጆቿ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ቲቸር በርበሬያቸውን ራሳቸው ቀንጥሰው፣ ወፍጮ ቤት ራሳቸው ቆመው ያስፈጫሉ። ራሳቸው የማያዘጋጁትን ነገር ደግሞ ፋብሪካ ያሸገው ካልሆነ በቀር አይነኩም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሩቂያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ደሴ ያለው ጅምላ ነጋዴያቸው ከምዕራብ እርሻዎች የሚመጣ የሻይ ቅጠል በጆንያ ይሸጥ ነበር። ጥቂት አስመጥታ አፈላችው። ቀይ ነው፤ ጠንከር ይላል፤ ሽታውም ጥሩ ነው። በጆንያ አምጥተን፣ እዚሁ አሽገን፣ በራሳችን ስም ብንሸጠው ምን ይለናል አለች። ፋሩቅ ጥቂት ቀን አሰበበትና ተስማማ። ደሴ ማተሚያ ቤት ሄዶ ነጭ ከረጢት ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ፋሩቅ ሻይ» የሚል አሳተመ። ሩቂያ አንድ ሥዕል ቢኖርበት ፈልጋ ነበር፤ ጀበናም ትሁን፣ ብርጭቆም ትሁን። እሱ ግን ስሜ ይበቃል አለ።

ዋጋው ከባለ ሚዳቋው በጣም ይረክሳል። ቢሆንም መጀመሪያ ላይ አልተሸጠም። ከገጠር የሚመጡት ከረጢቱን አገላብጠው እያዩ ሥዕሉ የታለ ይሉ ነበር። በርካሽነቱ የወሰዱት ግን ተመልሰው መጡ። መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤትም መውሰድ ጀመረች። ያስቸገሩት የመንግሥት ሠራተኞቹ ናቸው። ካሳ የሚባል የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንግዳ ፊት አይቀርብም ብሎ መለሰው። ሻይ እንግዳ ፊት የሚቀርበው ፈልቶ በብርጭቆ ነው እንጂ በካርቶኑ አይደለም ብላ ሩቂያ ብትነግረውም አልሰማትም።

ለቲቸር ፋሩቅ አንዱን ከረጢት በነፃ ዘንቢላቸው ውስጥ ከተተላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ እንደታሸገ መልሰው አመጡት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዳይከፋው በለሰለሰ ቃል አስረዱት።

«አንተን አምንሃለሁ» አሉት። «ዕቃው ግን ካንተ እጅ በፊት በማን እጅ እንዳለፈ አንተም አታውቅም።»

ፋሩቅ፣ ምንም አይደል ቲቸር፣ አልከፋኝም አለ። ከፍቶት ነበር። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከደሴ የሚያስመጣላቸው እሱ ነው። ሲያማቸው ከልጆቻቸው ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ክረምት ላይ የቤታቸው ቆርቆሮ ሲነሣ ወጥቶ የመታው እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ያመኑት ሴት ስሙ ያለበትን ከረጢት ትተው፣ አይተውት የማያውቁት ሰው የሣላትን ሚዳቋ አመኑ። ማታ ይህን ለሩቂያ ነገራት። ሩቂያ ደግሞ፣ ሌላው እስከገዛን ድረስ የእሳቸው ምን ያስጨንቅሃል አለችው። እሱ ግን ከሌላው ሁሉ የእሳቸው ነበር የሚያስጨንቀው።

በጥቅምት አካባቢው ሰላም አጣና መንገዱ ይዘጋ ጀመር። ከደሴ የሚመጣው መኪና መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎ በሁለት ሳምንት፣ በኋላ ጨርሶ ቀረ። መደርደሪያው ከላይ ወደ ታች ባዶ እየሆነ መጣ። ዘይቱ አለቀ፣ ፓስታው አለቀ፣ ከሳሙናውም ለልብስ የሚሆነው ብቻ ተረፈ። ባለ ሚዳቋው ኅዳር አጋማሽ ላይ አለቀ። በጓዳ ግን ክረምቱ ሲያበቃ የገቡ አራት ጆንያ የሻይ ቅጠል ነበሩ። ሰው ያለ ክርክር ወደ ፋሩቅ ሻይ ዞረ። ካሳ እንኳ መጥቶ ወሰደ፤ ሲወስድ በጋዜጣ እንዲጠቀለልለት ጠየቀ፣ በሦስተኛው ጊዜ ጋዜጣውን ተወው።

ቲቸር ብቻ አልወሰዱም። በየሁለት ሳምንቱ መጥተው ባለ ሚዳቋ ገባ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ አልገባም ሲባሉ ያገኙትን ይዘው ይሄዳሉ። ቤታቸው ጦስኝ እያፈሉ ይጠጡ ነበር። ጥር ላይ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ሲመጡ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። ራሳቸውን እያመማቸው እንደሆነ ነገሩት። ለአርባ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሬድዮ ከፍተው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሲጠጡ ነው ቀኑ የሚጀምርላቸው። አሁን ከአልጋ የሚያስነሣኝ ነገር የለም አሉ፤ የቀለዱ ይመስል ነበር። ፋሩቅ የራሱን ሻይ እንዲወስዱ ለሦስተኛ ጊዜ ለመናቸው። ተው ልጄ አሉትና ወጡ።

በዚያው ቀን ፋሩቅ ጓዳ ገብቶ አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየ። ባለፈው ዓመት የባለ ሚዳቋው ወኪል መጥቶ፣ በር ላይ ተደርድረው እንዲታዩ ብሎ ሠላሳ የሚሆን ባዶ ካርቶን ትቶ ሄዶ ነበር። አዳዲስ፣ እንደታጠፉ ያሉ፣ ያልተነኩ ካርቶኖች ናቸው። ፋሩቅ አንዱን ዘርግቶ ቅርጹን አስያዘው፤ ከጆንያው የሻይ ቅጠል በላስቲክ አድርጎ ከተተበትና ጫፉን በማጣበቂያ አሸገ። እያደረቀው ሳለ ሩቂያ ገባች። አይታው ወዲያው ገባት።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ለቲቸር።»

«ይሄ ሐራም ነው፣ ፋሩቅ።»

እሱ፣ ሴትዮዋ እየታመሙ ነው፤ መርዝ አላደረግሁበትም፤ እኔና አንቺ የምንጠጣው ሻይ ነው አላት። ሩቂያ፣ ካዘንክላቸው እውነቱን ነግረህ አስቀምሳቸው አለችው። ነገርኳቸው፣ ሦስቴ ነገርኳቸው አለ። ካልፈለጉ ያለመፈለግ መብታቸው ነው ብላ ትታው ወጣች። እሱ ካርቶኑን እዚያው አደረቀው። ለዚህ ያበቃው ለእሳቸው ማዘኑ ይሁን ወይስ ስሙ ያለበትን ሻይ ስለመለሱበት መከፋቱ በዚያን ጊዜ ራሱን አልጠየቀም። በኋላ ሲጠይቅ ሁለቱም ነበሩ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን መለየት አልቻለም።

ቲቸር በሚቀጥለው ሲመጡ ፋሩቅ ካርቶኑን አውጥቶ ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ከየት አገኘኸው ቢሉት በአቀስታ በኩል የመጣ ሰው ጥቂት አምጥቶልኝ ነው አለ። ዋጋው ከተለወጠ ይጠረጥራሉ ብሎ የባለ ሚዳቋውን ዋጋ ተቀበላቸው፤ ልቡ ግን ስላልፈቀደ ስኳሩን ጨምሮ ሰፈረላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጡት ሌላ ሰው ሆነው ነው። ፊታቸው ተመልሷል። ሻዩን ከወትሮው አብልጠው አመሰገኑት። የሰሞኑ ባለ ሚዳቋ ከድሮው ይጥማል፤ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ ቅጠሉ መጋዘን ሲቆይ ሳይበስል አይቀርም አሉ። ፋሩቅ ስኳር እየሰፈረ ስለነበር ቀና አላለም። ደስ አለው። ደንበኛ በሞላበት ሱቅ፣ የወደዱት የኔን ነው ብሎ ቢናገር በወደደ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ቲቸር ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ፣ ፋሩቅ በዚህ ክፉ ጊዜ ከየት እንዳመጣልኝ እንጃ እንጂ ሻዬን አላጓደለብኝም ብለው ነገሯቸው። አንድ ሁለት ሴቶች መጥተው ጠየቁት። ካሳም መጣ፣ ለቲቸር ያለው ባለ ሚዳቋ ለእኛ የማይኖረው ለምንድን ነው ብሎ ተከራከረ። ፋሩቅ፣ ለእሳቸው ብቻ የተላከ ነው፣ ልጃቸው ነው የሚልክላቸው አለ። እንዲህ ብሎ ሲናገር ሩቂያ አጠገቡ ቆማ ነበር። በዚያን ቀን እስከ ማታ ድረስ አላነጋገረችውም። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ቲቸር በሩ ላይ ሲታዩት ሥራ የያዘ መስሎ ጓዳ የሚገባበት ጊዜ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ከመጡት መኪኖች በሁለተኛው ላይ ባለ ሚዳቋ ነበር። ፋሩቅ ካርቶኖቹን ሲያወርድ የተሰማውን እፎይታ ለሩቂያ እንኳ አልደበቃትም። የተረፉትን ባዶ ካርቶኖች ከሱቁ ጀርባ ወስዶ አቃጠላቸው። ማክሰኞ ቲቸር ሲመጡ እውነተኛውን ባለ ሚዳቋ ሰጣቸው፤ ነገሩም በዚህ ያለቀ መሰለው።

ቲቸር ግን ሁለት ሳምንት አልቆዩም። ዓርብ ዕለት መጡ። የተከፈተውን ካርቶን በፌስታል ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ፖስታ አለ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሩቂያ ብቻ ከወዲያ ሳሙና እየደረደረች ነበር። ቲቸር ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይህ ሐሰተኛ ነው አሉ። ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሦስት ማንኪያ ብጨምርበትም ውኃ ነው አሉ። ደሴ ላይ አንድ ሰው የማይረባ ቅጠል በባለ ሚዳቋ ካርቶን እያሸገ እየሸጠ ነው፤ አንተም ሳታውቅ ተሸውደሃል፤ ሰው ሳይታመም ድርጅቱ ማወቅ አለበት አሉ። ፖስታው ውስጥ ያለው ለድርጅቱ የጻፉት ደብዳቤ ነበር። አውጥተው አሳዩት፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፉት በነበረው በዚያው ቀጥ ያለ ፊደል የተጻፈ። ክብደት እንዲኖረው የሱቁን ማኅተም እንዲያደርግበት ፈለጉ። የደሴውን ነጋዴ ስምም እንዲነግራቸው ጠየቁት።

ፋሩቅ ደብዳቤውን አነበበው። ደሴ ያለው ነጋዴ ለሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አታልሎት አያውቅም። ወደ ሩቂያ ተመለከተ። ሩቂያ ሳሙናውን መደርደር ትታ ታየው ነበር።

«ቲቸር፣ ደብዳቤውን አይላኩት» አለ።

«ለምን?»

«ይሄኛው እውነተኛው ነው። ሐሰተኛው የበፊቱ ነበር።»

ቲቸር ወዲያው አልገባቸውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው፤ ባዶዎቹን ካርቶኖች፣ ጆንያውን፣ ማጣበቂያውን፣ በአቀስታ መጣ ያለውን ሰው። እየነገራቸው ዓይናቸውን አላየም። ሲጨርስ ቲቸር ደብዳቤውን ከእጁ ወስደው በታጠፈበት መልሰው አጠፉት።

«ያሸግኸው አንተ ነህ? በእጅህ?»

«አዎ።»

«የኔአለምን ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

«እያወቅህ ነው እንግዲህ።»

«እያወቅሁ ነው። አፉ ይበሉኝ፣ ቲቸር። ትርፍ ፈልጌ አይደለም። የተቀበልኩዎትንም ገንዘብ ልመልስ።» ከዚያ ማለት የማይገባውን ጨመረ። «ግን እኮ ወደውታል።»

«ወድጄዋለሁ» አሉ ቲቸር። «እሱ ነው የከፋው።»

ገንዘቡን አልፈልግም አሉ። ባለ ሚዳቋውን ካርቶን በፌስታላቸው መልሰው ያዙና ወጡ። ሩቂያ ተከትላቸው እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ ሳሙናውን መደርደር ቀጠለች። እኔ ነግሬህ ነበር እንድትለው ፋሩቅ ጠብቆ ነበር፤ ብትለው ይሻለው ነበር።

ቲቸር ከዚያ በኋላ አልመጡም። ዘይትና ሳሙናቸውን መናኸሪያው በር ላይ ካለው ከባህሩ ሱቅ መግዛት ጀመሩ፤ ለእሳቸው ዕድሜ ዳገቱ ቀላል አይደለም። ሻይም ከዚያው ገዙ፤ ያንኑ ባለ ሚዳቋ። እንደድሮው ሆኖላቸው እንደሆነ ማንም አያውቅም። የመድኃኒታቸው ጊዜ ሲደርስ ፋሩቅ ከደሴ አስመጥቶ በጎረቤት ላከላቸው። መድኃኒቱን ተቀብለው የመድኃኒቱን ዋጋ ቆጥረው በዚያው ጎረቤት መልሰው ላኩለት፤ ከሱ ጋር ሌላ መልእክት አልነበረም።

ፋሩቅ ነገሩ በከተማው እስኪወራ ይጠብቅ ነበር። መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር። ካሳ ሱቅ በገባ ቁጥር ዛሬ ያነሣዋል ብሎ ፊቱን ያይ ነበር። ማንም አላነሣም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። ቲቸር ለአንድ ሰው እንኳ እንዳልተናገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ማኅበርተኞቻቸው ለምን ሱቅ ቀየሩ ቢሏቸው ባህሩም ተማሪዬ ነበር ብለው ነው የመለሱት። ይህን የሰማ ቀን ፋሩቅ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለሩቂያ ትቶ ቤቱ ሄደ። ጎኔን አሞኛል አላት። አላመመውም ነበር።

ነሐሴ ላይ የፋሩቅ እናት ወይዘሮ ፈይዛ ሞቱ። ሰማንያ አልፏቸው ነበር፤ ለሁለት ወር ያህል ተኝተዋል። ዝናብ እየጣለ ነው የተቀበሩት። ከከተማውም ከገጠሩም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ግቢው በጭቃ ተለወሰ። ለተዕዚያው፣ ለለቅሶ ለሚቀመጠው ሰው፣ ሸራ ተወጠረ፤ ጎረቤቶች በየተራ እየመጡ ምግብና ሻይ ያቀርቡ ነበር።

ቲቸር በመጀመሪያው ቀን መጡ። ጥቁር ነጠላ አድርገዋል፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። ከወይዘሮ ፈይዛ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ ፋሩቅ ሦስተኛ ክፍል የገባ ቀን እጁን ይዘው ያስረከቧቸው ወይዘሮ ፈይዛ ናቸው። ለፋሩቅ አላህ ያጽናህ አሉት፤ እሱም እጃቸውን ሳመ። ገብተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን መጡ።

በሦስተኛው ቀን ሻይ የምታድለው ሩቂያ ራሷ ነበረች። ከሴት ወደ ሴት እያለች ቲቸር ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን ሳትሰጣቸው ዝቅ አለች።

«ቲቸር፣ የኛው ሻይ ነው» አለቻቸው በዝግታ። «ካልፈለጉት ወተት አመጣለሁ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ ቲቸር። «ስጪኝ።»

አንዱን ጠጡ፤ ሌላም ተቀበሉ። ሩቂያ ይህን ለፋሩቅ የነገረችው ለቅሶው ካበቃ በኋላ ነው። ብዙ ነገር እንዳይጠብቅ ብላ፣ ለእናትህ ብለው ነው የጠጡት አለችው። እሱም እንደዚያ ነው የገባኝ አላት።

መስከረም ላይ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ቲቸር ወደ ሱቁ መጡ። አራት ወር ሆኗቸው ነበር። ሱቁ ውስጥ ካሳና ሁለት ከገጠር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ቲቸር ተራቸውን ጠብቀው ዘይትና ሳሙና ጠየቁ። ከዚያ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ከዘንቢላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሻይ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ፋሩቅ ባለ ሚዳቋውን ያንሣ ወይስ የራሱን ከረጢት ያንሣ ግራ ገባው። ሁለቱም ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

«ከጆንያው» አሉት። «ጆንያውን እዚህ አምጣልኝ።»

ፋሩቅ ከጓዳ ግማሽ የሆነ ጆንያ ጎትቶ አመጣ። የሱቁ ከረጢትም እኮ ይኸው ነው ቲቸር፣ ምንም ልዩነት የለውም፣ ሩቂያ ናት የምታሽገው አላቸው።

«ይሆናል። ከእንግዲህ ግን ሥዕልም ስምም አይቼ አልገዛም። የማየውን ስፈርልኝ።»

ጎንበስ ብለው ከጆንያው በጭብጣቸው ዘገኑ። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው በመዳፋቸው ላይ በተኑት፤ አሸተቱት፤ አንዲቱን ቅጠል በጥርሳቸው ነከሱ። ገበሬዎቹ ቆመው ያዩ ነበር። ካሳ፣ ቲቸር ደግሞ ምርመራ ጀመሩ እንዴ ብሎ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ቲቸር በመዳፋቸው የያዙትን ወደ ጣሳው ጨመሩና ቀሪውን ፋሩቅ እንዲሞላላቸው አቀረቡለት። ሲሰፍር ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አላነሡም። ጣሳው ሲሞላ ከፍለው፣ አመስግነው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እንደ ድሮው ይመጣሉ። ጆንያው ይወጣል፤ ያያሉ፤ ያሸታሉ፤ ይሰፈርላቸዋል። ከገጠር ከሚመጡትም ይህን አይተው ከጆንያው ስፈርልን የሚሉ በርክተዋል፤ ሩቂያ ከረጢት ተረፈልን ትላለች። ነጩ ከረጢት ለሻይ ቤቶቹ ይሸጣል። ባለ ሚዳቋውም አልቀረም፤ አዲስ ተመድበው የሚመጡ ሠራተኞች ይገዙታል። ካሳ አንዴ ይህን አንዴ ያን ነው።

ፋሩቅና ቲቸር ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ስለዚያ ነገር ግን አንስተው አያውቁም። አንድ ማክሰኞ እሳቸው ከወጡ በኋላ ሩቂያ ጆንያውን ወደ ጓዳ ሲመልስ እያገዘችው፣ ይቅር አሉህ ማለት ነው ብላ ጠየቀችው።

ፋሩቅ የጆንያውን አፍ አሥሮ ጨረሰ።

«እንጃ» አለ። «ይመጣሉ።»